«ደህና ነኝ» የሚለው ቁልፍ

«ማሽን የራሱ ጣት የለውም» አለች ማካሬና። «ሰው ካልተጫነው "ደህና ነኝ" ብሎ ሊልክ አይችልም። የማይሆን ነገር ነው የምትነግሩኝ።»

በትምህርት ቤቱ መመገቢያ ክፍል የተሰበሰቡት ሃያ ምናምን ጎረቤቶች በክፉ ዓይን አዩአት። ማካሬና ከአውራጃው ከተማ አምስት ሰዓት ሙሉ በአውቶቡስ ተንገጫግጫ የመጣች ወጣት ባለሙያ ናት። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ትንንሽ የሳተላይት መልእክት መላኪያ መሣሪያዎች ደርድራለች፦ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ጥቁር። ስለ መሣሪያዎቹ የማታውቀው የለም፤ ስለ ሸለቆው ሰው ግን የምታውቀው የለም። ብታውቅ ኖሮ አንሴልሞ ከሞተ ዓመት ሳይሞላው፣ ያውም አባቱ በሌለበት፣ ይህን ባልተናገረች።

ፍሬሲያ ከኋላ፣ ከምድጃው አጠገብ ከጓደኛዋ ከዮባንካ ጋር ተቀምጣ ነበር። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አንሴልሞ ወንድሟ ነበር።

የዮባንካ አባት ዶን ፍሎሪዶር ሆዳቸውን በእጃቸው ደግፈው ተነሱ። ቡአቸው ከወረደ ወዲህ ሲነሱም ሲቀመጡም እንዲሁ ናቸው።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ። «የኤሪቤርቶ ልጅ አንሴልሞ ውሃ ዳር ወድቆ ሲያቃስት ያ ብርቱካናማ ዕቃ ሁለት ማታ በተከታታይ "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" እያለ ነበር። ይሄን ከመንገደኛ አልሰማሁትም። ከራሱ ከኤሪቤርቶ አፍ ነው የሰማሁት። ኤሪቤርቶ ደግሞ በላም ዋጋ እንኳ ዋሽቶ አያውቅም።»

«እሳቸው ዋሹ አላልኩም» አለች ማካሬና፤ ፊቷ ቀላ። «ግን መልእክቱ የሚደርሰው በማን ስልክ ነበር?»

ሰው ሁሉ ወደ ምድጃው ዞረ።

«በእኔ» አለች ፍሬሲያ።

«ስልኩ አለሽ? እስቲ ብናየው...»

«ተሰብሯል።»

ስልኩ ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ነበር። ጎኗን ሲነካት ይታወቃታል።

«ኧረ ተዪአት ልጅቷን!» አለች አንዲት ሴት ከመሀል። «ወንድሟን ቀብራ ደግሞ በችሎት ትቁም እንዴ?» ሌሎቹም አጉረመረሙ። ስብሰባው በዚያው ተበተነ። ማዘጋጃ ቤቱ ለእያንዳንዱ የግጦሽ ጎጆ አንዳንድ መሣሪያ ሊሰጥ አስቦ ነበር፤ የሸለቆው ሰው ግን አንሻም አለ። ማካሬና እንዳኮረፈች ዕቃዎቹን በሳጥናቸው መለሰች። ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ ይዣቸው እመለሳለሁ፣ እስከዚያ ሐሳቡን የቀየረ ካለ መጥቶ ይፈርም አለች። ዶን ፍሎሪዶር «ሬዲዮ ይበቃናል» ብለው ወጡ።

ማሽኑ አልዋሸም። የዋሸችው ፍሬሲያ ናት። ይህንን ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አልነበረም።

እናታቸው የሞተችው ፍሬሲያ አራት ዓመቷ፣ አንሴልሞ ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ ነው። ከዚያ ወዲያ ጸጉሯን የሚሠራላት እሱ ሆነ። የሚያውቀው ጉንጉን የልጓም ጉንጉን ብቻ ስለነበር በአራት ከፍሎ ዓይኗ እስኪጠብ ይጎትተዋል። ትምህርት ቤት ስቀውባት እያለቀሰች ስትመለስ «ቁንጫዬ፣ እኔ የገመድኩትን በሬ እንኳ አይበጥሰውም፤ እነሱ ይሳቁ» ይላታል። አድጋ ራሷ መሥራት ከቻለች በኋላም፣ ፈተና ባለባት ቀን «ና ጎንጉነኝ» ትለው ነበር።

ባለፈው ዓመት አባታቸው ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ተደረገ። ቅዝቃዜው ሳይገባ ከብቶቹን ከላይኛው ግጦሽ የማውረዱ ሥራ በአንሴልሞ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ላይኛው ግጦሽ በፈረስ ሁለት ቀን ነው። ስልክ አይሠራም። የሚደርሰው የመንደሩ ሬዲዮ ብቻ ነው፤ ሬዲዮ ደግሞ ይነግርሃል እንጂ አይሰማህም። ስለዚህ አባቷ የሳተላይት መሣሪያ ይገዛ አለ። በቤቱ ውስጥ ኢንተርኔት የምታውቀው ፍሬሲያ ስለነበረች የመረጠችውም እሷ ናት። ወርሃዊ ክፍያዋ ቀለል ያለውን አየችና ሳሙና የምታህል ብርቱካናማ ዕቃ አስመጣች። ሦስት ቁልፍ አላት፦ አንዱ «ደህና ነኝ»፣ አንዱ «ቤተሰብ ይርዳኝ»፣ ሦስተኛው በክዳን የተሸፈነ የነፍስ አድን ቁልፍ። ትልካለች እንጂ መልስ አትቀበልም።

«ደረትህ ላይ ነው የምታንጠለጥላት» አለችው መመሪያውን አንብባ። «ኮርቻ ላይ እንዳትታሰር ይላል።»

አንሴልሞ ሳቀባት። በዚያ ሸለቆ ሰው ያለው ነገር ሁሉ የሚታሰረው ኮርቻው ላይ ነው፤ ገመዱም፣ ድስቱም፣ ሥጋውም። አንገቱ ላይ ዕቃ አንጠልጥሎ የሚዞር ደወል ያሰረ በሬ ብቻ ነው። «እኔ ደግሞ ከፈረሴ ተለይቼ የት እሄዳለሁ?» አላትና ከኮርቻው ኋላ በጠፍር አጥብቆ አሰራት። እሷም አልተከራከረችውም።

ሰኞ ማታ በተስማሙበት ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ላይ «ደህና ነኝ» መጣ። ማክሰኞ ዘገየ። ጫካው ጥቅጥቅ ካለ መልእክቱ ሰማይ እስኪያገኝ ይቆያል። አባቷ ግን ይህን ከየት ይወቀው? በታሰረ ጉልበቱ እየተንፏቀቀ ፈረስ ሊጭን በረት ድረስ ወጣ። እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ስልኳ ጮኸ፤ «መጣ! መጣ!» እያለች ሮጠች። አባቷ ሕመሙ ፊቱን አጨማዶት «ይሄ መጫወቻሽ ሳይገድለኝ አይቀርም» አላት። ደግፋ ስታስገባው ስፌቱ ደም አውጥቶ ነበር።

ረቡዕ ማታ ሁለት ሰዓት አለፈ። ሦስት ሰዓትም አለፈ። በማግስቱ የሂሳብ ፈተና አለባት፤ ደብተሯ ላይ ተደፍታለች።

«መጣ?» አለ አባቷ ከአልጋው።

ትናንትም ዘግይቶ መጥቷል። ዛሬም ይዘገያል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ስፌቱን አሰበች፣ ደሙን አሰበች።

«መጣ» አለች።

ሲነጋም አልመጣም። አባቷ «ምን አለ ታዲያ?» ሲላት «ደህና ነኝ ነዋ! ሌላ ምን ቁልፍ አለው?» ብላ ሳቀች። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ ድረስ ትሰማዋለች። ከፈተና ስትመለስ ስልኩ ዝም እንዳለ ነው። ሐሙስ ማታ አባቷ ደግሞ ሲጠይቃት፣ አሁን «አልመጣም» ለማለት «የትናንቱም አልመጣም ነበር» ማለት አለባት። አንደበቷ እምቢ አላት። «መጣ» አለች።

ዓርብ ቀትር ላይ ፈረሱ ብቻውን መጣ። ኮርቻው ሆዱ ሥር ዞሯል። ብርቱካናማዋ ዕቃ ከጠፍሩ ጋር ተንጠልጥላለች።

አንሴልሞን ቅዳሜ አገኙት። ፈረሱ ላይኛው መሻገሪያ ላይ ጥሎት ጭኑ ተሰብሮ ነበር። በክርኑ እየተሳበ ከውሃው ወጥቶ ዛፍ ሥር ተጠግቷል። ሰው ጭሱን አይቶ እንዲመጣለት ሦስት ቦታ እሳት አንድዷል። ሐኪሙ፣ የሞተው ሐሙስ ሌሊት ወይም ዓርብ ንጋት ላይ ሳይሆን አይቀርም አለ። ረቡዕ ማታ «አልመጣም» ብትል ኖሮ ጎረቤቱ ሁሉ በዚያው ሌሊት ይነሣ ነበር፤ ፈረስ እየቀያየሩ ቢጋልቡ ሐሙስ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይደርሱለት ነበር። ፍሬሲያ የትምህርት ቤቱን ሂሳብ አልፋለች። ይህንን ሂሳብ ግን በየቀኑ ትሠራዋለች፤ መልሱም አንድ ነው።

በቀብሩ ላይ አባቷ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨብጦ «ልጄ እየሞተ ያ ማሽን ደህና ነኝ አለኝ» አለ። ሌላ ነገር አልተናገረም። ከዚያ ድልድዩ ድረስ ሄዶ ዕቃዋን ወንዝ ውስጥ ወረወራት። ፖሊሶቹም የጠየቁት እሱን ነው፤ የምታለቅስን ልጅ ስልክሽን አሳዪኝ የሚል የለም። ወሬው በሳምንት ውስጥ ሸለቆውን ሞላው። ሌሎች ሁለት ቤተሰቦች መሣሪያ ነበራቸው፤ እነሱም ጣሉት። ፍሬሲያ ሁሉንም አየች። በየቀኑ «ነገ እናገራለሁ» እያለች፣ ነገሩ እየከበደ፣ ወራት ሄዱ። ዘንድሮ አባቷ በዳነ ጉልበቱ ራሱ ወደ ላይ ወጣ። ከያዘው ነገር ሁሉ ከሰው ጋር የሚያገናኘው አንዲት የባትሪ ሬዲዮ ብቻ ናት።

ከስብሰባው ሲመለሱ ዮባንካ ድንጋይ እየረገጠች ከፊት ከፊት ሄደች። የፍሬሲያ አባት ላይኛው ግጦሽ በሚሆንበት ጊዜ እሷ የምታድረው እነ ዮባንካ ቤት ነው።

«አቦ ግን የዚያች ሴትዮ ድፍረት!» አለች ዮባንካ። «አባዬ ቡአው ባይዘው ኖሮ ከነሳጥኗ ወንዝ ውስጥ ነበር የሚጨምራት።»

ፍሬሲያ አልሳቀችም።

«ምነው ዘጋሽ? እኔ እኮ ሰኞ ብቻዬን የምወጣ ሰው ነኝ፤ ልታጽናኚኝ አይገባም?» ዮባንካ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። አባቷ ፈረስ ላይ መውጣት ስለማይችሉ ከብቶቹ ዘንድ ሁለት ሳምንት የምትቆየው እሷ ናት። «እስቲ ንገሪኝ፤ አንቺ ብትሆኚ ከሦስቱ የትኛውን ትወስጂ ነበር? እንዲያው ለነገሩ።»

ፍሬሲያ ዓመቱን ሙሉ ስለ እነዚህ ዕቃዎች ያላነበበችው ነገር አልነበረም። ጥያቄው ሲመጣ አፏ ከልቧ ቀደመ።

«ቢጫዋ ጥሩ ናት፣ ግን የምትችለው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንቴናዋን ስበሽ ስትጫኛት ነፍስ አድን ትጠራልሻለች። ባትሪዋ ዓመታት ይቆያል፤ ወርሃዊ ክፍያ የላትም። ግን አንቺ እግርሽ ቢሰበርና ሰዎቹ ነገ ነው የምንደርሰው ቢሉ፣ አትሰሚያቸውም። ብርቱካኗን... ብርቱካኗን አልወስድም። ጥቁሯን ነው የምወስደው። ትጽፊያለሽ፣ ይጽፉልሻል። መልስ ካልመጣልሽ እንዳልደረሰ ታውቂያለሽ፤ ጫካውን ለቅቀሽ ሰማይ ያለበት ትወጪና ደግመሽ ትልኪያለሽ። ማታ ብርዱ ባትሪዋን እንዳይጨርሰው አቅፈሻት ትተኛለሽ። ደግሞ ደረትሽ ላይ! ኮርቻ ላይ ብታስሪያት ወዮልሽ።»

«እሺ እማማ» አለች ዮባንካ።

«ደግሞ መልእክቱ በአንድ ሰው ስልክ ብቻ እንዳይገባ። ሦስት ሰው አስመዝግቢ።»

ዮባንካ ቆመች። «ሦስት ለምን?»

«አንዱ... ሊተኛ ይችላል።»

«እና ይሄን ሁሉ እያወቅሽ ስብሰባው ላይ ምን ለጎመሽ? ፍሬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ማሽኑ ይዋሻል ብለሽ ታምኛለሽ ወይስ አታምኚም?»

ፍሬሲያ መናገር ፈለገች። ዮባንካ ከልጅነቷ ጀምሮ ጓደኛዋ ናት፤ አንሴልሞ ሲሞትም አብራት ሦስት ቀን ያልበላች እሷ ናት። ግን «አላምንም» ካለች የሚቀጥለው ጥያቄ ይታወቃል። አቀርቅራ ዝም አለች። ዮባንካ ዝምታው ሐዘን መሰላትና ክንዷን ያዘቻት።

«ይቅርታ፣ ይቅርታ። የማይረባ ነገር ነው የጠየቅኩሽ።» ትንሽ ሄዱ። «ሙድ እንዳትይዥብኝ ግን፣ ፈርቻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ያንን መሻገሪያ ነው የፈራሁት። ጥቁሯን ብወስድ ደስ ይለኝ ነበር። አባዬ ግን "የአንሴልሞን ነፍስ የበላ ዕቃ በቤቴ አያልፍም" ብሏል፤ እሱ ካለ ደግሞ አለ ነው።»

ፍሬሲያ ያን ማታ እህል አልቀመሰችም። ዶን ፍሎሪዶር ከበግ ጥብሱ ለእሷ መርጠው የጎድን አጥንት አወጡላት። «ብዪ እንጂ የኔ ልጅ፤ አባትሽ ከስተሽ ቢያገኝሽ እኔን ነው የሚበላኝ» አሉ። ደግነታቸው ከቁጣ ይልቅ ጎዳት። ከጥቂት ቀናት በኋላ የእኚህ ሰውዬ ልጅ እዚያው መሻገሪያ ላይ ትሆናለች፤ ደረቷ ላይ ምንም አይኖርም። ምንም የማይኖረው ፍሬሲያ «መጣ» ስላለች ነው።

ዓርብን እንደ በሽተኛ አሳለፈችው። ቅዳሜ ጠዋት ደብተሯን አወጣችና መጻፍ ጀመረች።

የመንደሩ ሬዲዮ በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ወደ ግጦሽ የተላኩ መልእክቶችን ያነባል። «ጨው ረቡዕ ይደርስሃል»፣ «ልጅ ተወልዷል፣ ወንድ ነው»፣ «ቀዩዋ ጊደር እነ እገሌ ዘንድ ተገኝታለች»። በዚያ ሰዓት በየጎጆው ያለ ሰው ሁሉ ማቴውን፣ ያን መራራ የቅጠል ሻይ፣ ቀድቶ ሬዲዮው ላይ ይጠጋል፤ የራሱንም የጎረቤቱንም ይሰማል። አንድ ነገር ብቻ አይነበብም። ሞት በሬዲዮ አይነገርም። ሰው ሲሞት «ከብቶቹን ትተህ ውረድ» ተብሎ ይላካል፤ ሰሚው ይገባዋል፤ ፈረሱን ጭኖ እያለቀሰ ይወርዳል።

ስለዚህ «አባዬ ውረድ» ብላ መጻፍ አትችልም። ደግሞ ሰው ሞተብኝ ብሎ በዚያ ጉልበቱ ገደል ይገባል። የመጀመሪያውን ወረቀት ቀደደች። ሁለተኛው ላይ ሁሉን ነገር ከረቡዕ ጀምራ ጻፈችው፤ አራት ገጽ ሆነ፤ እሱንም ቀደደች። ሦስተኛው አጭር ነበር። አጣጥፋ ይዛው ወጣች።

ሬዲዮ ጣቢያው ከሱቁ ጎን ያለ ባለ አንድ ክፍል የእንጨት ቤት ነው። ዶኛ ኖልፋ መልእክት ሲያነቡ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ተቀበሏት፤ እንደ ወትሯቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ።

«ለኤሪቤርቶ፣ ላይኛው ግጦሽ። የሞተም የታመመም የለም፤ እንዳትወርድ። ሰኞ ከዮባንካ ጋር እነሳለሁ፤ ወደ አንተ እመጣለሁ። ማሽኑ አልዋሸም። የቀረውን ፊት ለፊት እነግርሃለሁ። ፍሬሲያ።»

ዶኛ ኖልፋ መነጽራቸውን አወለቁ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለሰባት ሩብ ጉዳይ ይል ነበር።

«"ማሽኑ አልዋሸም" የምትለዋን ልተዋት?» አሉ። «አንቺና አባትሽ ብቻችሁን ስትሆኑ ብትነግሪው አይሻልም?»

«አውቶቡሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሄዳል፣ ዶኛ ኖልፋ። ዕቃዎቹ ይሄዳሉ። ዮባንካ ደግሞ ሰኞ ትወጣለች።»

«ገባኝ።» ወረቀቱን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «እንግዲያው አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔ ስንት ዓመት አነበብኩ፤ ወረቀቱ ላይ የጎደለውን ሰው ከራሱ ይሞላል። ማሽኑ ካልዋሸ ቁልፉን የተጫነው አንሴልሞ ነው ይላሉ። እየሞተ ደህና ነኝ አለ፣ በኩራቱ ሞተ ይላሉ። አባቱም እንደዚያ ሊያስብ ይችላል።»

ፍሬሲያ ይህን አላሰበችውም ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አንሴልሞ በክርኑ እየተሳበ፣ እሳት እያነደደ፣ ሰው ይመጣል ብሎ መንገድ መንገዱን ሲያይ በዓይነ ኅሊናዋ መጣባት። ሰው እንደሚመጣ እርግጠኛ ነበር። ማታ ቁልፉ ካልተጫነ ቁንጫ ታውቃለች፤ ቁንጫ ለአባዬ ትነግራለች። እስከ መጨረሻው ሲጠብቅ የነበረው እሷን ነው። እንባዋ አመለጣት፤ እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ዶኛ ኖልፋ አልነኳትም፤ አጠገቧ ተቀምጠው ጠበቁ።

«እስክሪብቶ ይስጡኝ» አለች ፍሬሲያ።

«ማሽኑ አልዋሸም» ከሚለው ቀጥሎ ጻፈች፦ «ረቡዕና ሐሙስ ምንም አልመጣም ነበር። መጣ ብዬ የዋሸሁህ እኔ ነኝ።»

ዶኛ ኖልፋ አነበቡት። ፊታቸው ላይ የመጣውን ነገር ፍሬሲያ ለማየት አልደፈረችም።

«ብቻውን ነው እኮ ያለው» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄን ሰምቶ እስከ ማክሰኞ ብቻውን...»

«ከእሱ በታች ባለው ጎጆ ዶን ኤሌውቴሪዮ አሉ። እሳቸውም ይሰማሉ። የሰሙ እንደሆነ...»

«ኤሌውቴሪዮ የሰማ እንደሆነማ እኔ ሳልጨርስ ፈረሱን ይጭናል» አሉ ዶኛ ኖልፋ። «እሱ ሰው ብቻውን እንዲያለቅስ አይተውም።» ተነስተው ወደ ማንበቢያቸው ክፍል ገቡና የመስታወቱን በር ዘጉ።

ሰባት ሰዓት ሞላ። መጀመሪያ ስለ ጨው አነበቡ። ቀጥሎ የሆነ ሰው አማቱ ማክሰኞ እንደምትመጣበት ተነገረው፤ ከሱቁ ደጃፍ ሳቅ ተሰማ። እዚያም ሬዲዮው ተከፍቷል፤ ቅዳሜ ስለሆነ ሰው ሞልቷል። የዶን ፍሎሪዶር ሳል ከሁሉም ጎልቶ ይሰማል። ዮባንካም ዱቄት ልትገዛ መጥታ እዚያው መሆን አለባት።

«ለኤሪቤርቶ፣ ላይኛው ግጦሽ» አሉ ዶኛ ኖልፋ፤ ስለ ጨው ባነበቡበት በዚያው ድምፅ። ሳይፈጥኑም ሳይዘገዩም እስከ መጨረሻው አነበቡት። «...መጣ ብዬ የዋሸሁህ እኔ ነኝ። የቀረውን ፊት ለፊት እነግርሃለሁ። ፍሬሲያ።»

ከሱቁ በኩል ይመጣ የነበረው ድምፅ ሁሉ ጠፋ።

ላይ ነፋስ ብዙ ነው። ግማሹ ቃል መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከባድ መልእክት ሁለት ጊዜ ይነበባል፤ ባለቤቱ ከፈቀደ። ዶኛ ኖልፋ ማይክሮፎኑን በመዳፋቸው ከደኑና በመስታወቱ ውስጥ ወደ ፍሬሲያ ተመለከቱ። አንድ ጣታቸውን አነሱ፤ ልድገመው ወይ ማለታቸው ነው።

የሱቁ በር ተከፍቶ ሲዘጋ ተሰማት። ጠጠሩ ላይ የአንድ ሰው እርምጃ ወደ ጣቢያው መምጣት ጀመረ፤ የማን እንደሆነ አላወቀችም። ፍሬሲያ ከአግዳሚው ተነሳች። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ዶኛ ኖልፋን ቀጥ ብላ አየቻቸውና ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ዶኛ ኖልፋ መዳፋቸውን ከማይክሮፎኑ ላይ አነሱ።

«እንደግማለን» አሉ። «ለኤሪቤርቶ፣ ላይኛው ግጦሽ።»